ደሴ ላይ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰሞኑን "ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ልማር አስቤ ነበር፣ እንዴት ነው ግን ያዋጣል?" የሚለኝ ሰው በዛ፣ ለእያንዳንዱ ቮይስ ከምልክ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የተማርኩት ደሴ ነው፣ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም። ክላሳችን ትንሽ ነበረች፣ ስም ከጠራሁ የትኛው መምህር የትኛው ተማሪ እንደሆነ ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይታወቃል፣ ሰው ማስቀየምም አልፈልግም። ደሞ ከሌላ ከተማ ተመርቀው የመጡ ባልደረቦቼ የሚያወሩትም ከኔ ብዙ አይለይም፣ ስለዚ የትም ብትማሩ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያጋጥማችኋል።

ከአምስት ስንት ትሰጪያለሽ ካላችሁኝ ሶስት ተኩል። ግን ይሄ አማካይ ስለሆነ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ አንዱ ኮርስ አምስት ሲያንሰው ሌላው አንድ ተኩልም ይበዛበታል።

እኔ ሀይስኩል ውስጥ የጋይዳንስ ስራ ላይ ነኝ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬም ሳይኮሎጂ ነው። ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ ስትሉ ሰው ሀሳቡን የምታነቡበት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ ስራ ስገባ የፒያዤን የልጅ አስተሳሰብ እድገት ስቴጆች በቃሌ እወጣቸው ነበር፣ አንድ ልጅ ቢሮዬ ገብቶ ዝም ብሎ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ማስተርስ የገባሁት ለሱ ነው። ክላስ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ግን ለዛ አልመጡም፣ ከመምህርነት የመጣ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሶሻል ወርከር አለ፣ ለደረጃ እድገት ወረቀቷን ብቻ የፈለገም አለ (አልፈርድም፣ ኑሮው ይታወቃል)። ግን ይሄ ነገር በኋላ ልምምድ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ እመለስበታለሁ።

ግራ ለሚገባው ሰው በአጭሩ፣ ሳይካትሪስት ሀኪም ነው መድሃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወደ ከባዱ ህመም፣ ወደ ምርመራና ህክምናው ያዘነብላል። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ደሞ እየሰራ እየኖረ የከበደው ሰው ላይ ነው፣ ትዳር፣ ሀዘን፣ ስራ ማጣት፣ ሱስ፣ የፈተና ጭንቀት ምናምን። ድንበሩ በተግባር ይደባለቃል። ፈረንጅ አገር ደሞ ለየት ይላል፣ አሜሪካ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂስት ለመባል ዶክትሬት ነው የሚጠየቀው፣ በማስተርስ የሚሰሩት ካውንስለር ነው የሚባሉት። ስለዚ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን የአሜሪካ ካሪኩለም ይዛችሁ መጥታችሁ እንዳትጣሉ።

በቲዎሪው ልጀምር፣ ቶሎም ልጨርሰው። የካውንስሊንግ ቲዎሪ ኮርሱ ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ላይ ለወጣቶች ስራ መምረጫ ቢሮ ከከፈተበት ተነስቶ ፍሮይድን፣ ካርል ሮጀርስን፣ አልበርት ኤሊስን፣ አሮን ቤክን እያለ ይወርዳል። ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ምንም አልልም። አቀራረቡ ግን መምህሩ ስላይድ ያነባል እኛ እንቀዳለን፣ ከዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ፣ ከዛ ፈተናው "የሮጀርስንና የቤክን አመለካከት አነጻጽር"። ሮጀርስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሁፍ ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉ ብሎ የዘረዘራቸው ነገሮች አሉ፣ ካውንስለሩ ሳያስመስል መቅረቡ፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉ፣ ነገሩን በሰውየው ቦታ ሆኖ መረዳቱና ይሄም ለሰውየው መድረሱ፣ እና ይሄን ሁሉ በእስክሪፕቶ ጽፎ ኤ ያገኘ ሰው ቢሮ ገብቶ ደንበኛ ላይ ሲቆጣ አይቻለሁ። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት በመጽሐፍ እንደመማር ነው። ለቲዎሪው ሁለት ተኩል፣ አንድ መምህር ከስላይድ ወጥታ በራሷ ኬዝ ስላስረዳችን ባይሆን ከሁለትም አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። የካውንስሊንግ ስኪል የሚባለው ኮርስ ነው፣ ላብ አለው። ሶስት ሶስት ሆነን እንከፈላለን፣ አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ ካውንስለር፣ ሶስተኛው ተመልካች፣ ከዛ ይዞራል። በስልክ ይቀረጻል። ደንበኛ የሚሆነው ሰው ድራማ መስራት አይፈቀድለትም፣ የራሱ የሆነ ቀለል ያለ እውነተኛ ጉዳይ ነው ይዞ የሚቀርበው፣ ከእህቱ ጋር መኮራረፉ፣ ቤት ኪራይ መጨመሩ፣ እንደዚህ። እና ቪዲዮው ሁላችን ፊት ይከፈታል። ያማል። ሰው ራሱን ሲያወራ ማየት ያሳፍራል፣ የኔን እጅ እንቅስቃሴ ያየ ትራፊክ ነው የሚመስለው።

ወሎ ያደገ ሰው አፉ ላይ "አብሽር" አለች፣ አይዞህ እንደማለት። አንዱ መከፋቱን ገና መናገር ሲጀምር ሁላችንም "አብሽሪ ያልፋል፣ አላህ ያውቃል፣ እሱ ይጨመርበት" እንላለን፣ ደግነት ነው። መምህሩ ቪዲዮውን እዛ ላይ አቆመውና የክፍላችንን ልጅ "አሁን ያጽናናሻት እሷን ነው ወይስ የጨነቀሽን አንቺን?" አላት። ክፍሉ ጸጥ። ልጅቷ ደንበኛ ወደነበረችው ዞር ስትል ደንበኛዋ ራሷ "አብሽሪ ስትይኝ ልነግርሽ የነበረውን ተውኩት" አለች። ይሄን ከየትኛውም ስላይድ አታገኙትም። አብሽር አትበሉ ማለት አይደለም፣ መቼ ነው የሚባለው የሚለው ነው ነገሩ፣ ሰውየው ሳይጨርስ ከመጣች በር መዝጊያ ትሆናለች።

ሌላው አቀማመጥ ነው። ሶለር የምትባል ነገር አለች፣ ፊት ለፊት ተቀመጥ፣ ክፍት ሁን፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በል፣ አይን ለአይን ተያይ፣ ዘና በል። እሺ። እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ፊቴ ተቀምጠው፣ አንቱ እያልኩ፣ አይናቸውን ሳልነቅል ባያቸው ምን ይላሉ፣ ባለጌ ነው የሚሉኝ። ወጣት ወንድ ካውንስለር ኒቃብ የለበሰች ደንበኛ ላይ አፍጥጦስ? እዚህ ላይ መምህራችን ጎበዝ ነበር፣ ህጉን ሳይሆን ምክንያቱን አስያዘን፣ ዓላማው ሰውየው እየተሰማ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው፣ አይን ዝቅ ብሎም "እህ" እያሉ መስማት ይቻላል፣ ወንበሩን ትንሽ አገድም ማድረግም ይቻላል። የበር ነገርም ተነሳ፣ ዘግተን ብቻችንን ስንቀመጥ ሰው ያማል፣ ከፍተን ስናወራ ደሞ ሚስጥር ይወጣል፣ እና የተስማማንበት መስታወት ያለው በር ካለ እሱ፣ ከሌለ አብሯት የመጣች ሴት ማየት እንጂ መስማት የማትችልበት ቦታ እንድትቀመጥ፣ እሱንም ደንበኛዋን ጠይቆ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ስራ ላይ የሚያስፈልጉ እነሱ ናቸው።

ከዛ ቨርባቲም አለ። ከተቀረጸው ላይ ትንሽ ደቂቃ ወስዳችሁ ቃል በቃል መጻፍ ነው፣ ሶስት ረድፍ፣ እሷ ያለችው፣ እኔ ያልኩት፣ ማለት የነበረብኝ። አሰልቺ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደሞ በሻማ፣ ግን ሰው ስታወሩ የጥያቄ መዓት እንደምታወርዱ የሚገባችሁ እዛ ላይ ነው። "ለምን?" የምትለዋ ጥያቄ ስንቴ እንደምትወጣ እዩ፣ ሰው ለምን ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ያለ ይመስለዋል።

አንድ ክርክር ደሞ ሴሚስተሩን ሙሉ አላለቀም። ደንበኛው ችግሩን ተናግሮ ሲጨርስ "እና ምን ላድርግ?" ይላችኋል። እኛ ጋር ሰው ነገሩን ይዞ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ፊት ይቀርባል፣ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ ንስሃ አባቱ ጋር ይሄዳል፣ ሸሁ ጋር ይሄዳል፣ የሚጠብቀው ብያኔ ነው። ካውንስለሩ ደሞ "አንተስ ምን ታስባለህ?" ሲለው ይሄ ሰውዬ አያውቅም እንዴ ብሎ ይነሳል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ግማሹ ክላስ ስለዚህ መምከር አለብን አለ፣ ግማሹ ሮጀርስ ይቃወማል አለ። የኔ ሀሳብ መሀል ላይ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብሎ "እዚህ የምንሰራው እንዲህ ነው፣ እኔ አልፈርድም፣ አብረን ነው የምናየው፣ የነገርሽኝ ከዚህ አይወጣም፣ ግን ራስሽን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ካለ ዝም አልልም" ብሎ በግልጽ መናገር። ይሄን በደንብ ከነገራችኋቸው ብዙዎቹ ይቆያሉ። ለዚህ ኮርስ አምስት ከአምስት፣ ሁለት ሴሚስተር ቢሆን ኖሮ ስድስት እሰጥ ነበር።

ሳይኮፓቶሎጂ (ስለ አእምሮ ህመሞች ነው) እፈራው የነበረ ኮርስ ነው፣ ስም ሽምደዳ መስሎኝ። ዲኤስኤም አምስት የሚባለው የአሜሪካኖቹ የአእምሮ ህመሞች መለያ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ በ2022 የታደሰው፣ እሱ ነው መመሪያው። የሚገርመው የቀድሞው ዲኤስኤም አራት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ከባህል ጋር የተያያዙ ብሎ በዘረዘራቸው ውስጥ የኛ ዛር አለበት፣ ከነስሙ! ክላሱ እንዴት እንደሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ጥሩ ውይይት ወጣው፣ ምክንያቱም እዚህ አካባቢ የሚመጣ ሰው እኛ ጋር ከመድረሱ በፊት ጸበል ሄዷል፣ ዱበርቲ (ዱዓ የሚያደርጉ የወሎ እናቶች) ጋር ዱዓ አስደርጓል፣ ሁለቱንም ያደረገም ሞልቷል፣ ወሎ አይደል። ዲኤስኤም አምስት ውስጥ 16 ጥያቄ ያለው የባህል ቃለ መጠይቅ አለ፣ ችግሩን እናንተ ቤት ምን ትሉታላችሁ፣ ከምን የመጣ ይመስላችኋል፣ እስካሁን ማን ረዳችሁ አይነት ነው። እነዚህን ስትጠይቁ ሰው ይከፈታል፣ "ጸበል ሄጃለሁ ብላት ትስቅብኛለች" ብሎ የደበቀውን ያወጣዋል። ሆስፒታል የሚሰጠውን መድሃኒት ሳያቋርጥ ጸበሉን እንዴት እንደሚያስኬድ ማውራት የሚቻለውም ከዛ በኋላ ነው። አራት።

የሳይኮሎጂካል ፈተና ኮርሱ መሀል ነው። ፒኤችኪው ዘጠኝ የምትባለዋን የድብርት መጠይቅ ብዙዎቻችሁ ጤና ጣቢያም አይታችኋት ይሆናል፣ 9 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የምትጠይቀው፣ ጠቅላላ 27። የአማርኛ ትርጉሙ በጥናት የተፈተሸ ስለሆነ ይሰራል። የአለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአእምሮ ጭንቀት መጠይቅ፣ ኤስአርኪው 20ም አለ፣ አዎ አይደለም ብቻ ነው መልሱ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል ለመጠየቅ ይቀላል። ጎዶሎው ምንድነው፣ እኛ ጋር ሰው ተከፍቻለሁ ብሎ አይጀምርም፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይዞኛል፣ ሰውነቴ ዛለ ነው የሚለው፣ እና በፎርሙ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ይሄ የኔ አይደለም ሀኪም ጋር ሂድ ብሎ ይሸኘዋል። (ሀኪም ጋር መላክ ራሱ ልክ ነው፣ የታይሮይድ ችግርም ደም ማነስም እንደዛ ሊያደርግ ይችላል፣ ግን ልኮ መርሳት አይደለም።) ዘጠነኛዋ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፣ ሁሉም ተማሪ ይዘላታል፣ ይፈራል። መምህራችን ያስጠናን አንድ ነገር ቢኖር በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አያስገባም የሚለው ነው፣ ጥናቱም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ እንዲያውም የጠየቀው ሰው ስላገኘ የሚቀለው ብዙ ነው። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ልምምድ ይፈልጋል፣ እርስ በርስ እየተያየን ደጋግመን ተለማምደናል፣ ለሱ ብቻ አንድ ኮከብ ጨምሬያለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። የትራውማ ነገር። ይሄ ፕሮግራም ያለው ደሴ ነው እኮ። በ2014 በጦርነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንዳሳለፈ ለወሎ ሰው አልነግርም፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ተፈናቃይ ያላስተናገደ ቀበሌ የለም። ክላስ ውስጥ ከተቀመጥነው ውስጥ ራሱ ቤቱ የተዘረፈ፣ በእግሩ የተሰደደ፣ ሰው የቀበረ አለ። እና ስለትራውማ የተማርነው የሌላ ኮርስ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ምሳሌዎቹ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች። ሙሉ ኮርስ መሆን ነበረበት፣ አስገዳጅ። በራሳችን ጠይቀን አንድ መምህር ከሰዓቱ ውጪ ያስተማረን ነገር ከመደበኛው በለጠ። የስነልቦና የመጀመሪያ እርዳታን ያሳየን እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሶስት ነገር ነው የሚለው፣ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ማገናኘት ማለት ብርድ ልብስ ከሚሰጠው፣ የጠፋ ዘመድ ከሚያፈላልገው፣ ከቀበሌው ጋር ማለት ነው፣ የተራበ ሰው ስሜቱን አይደለም መጀመሪያ የሚጠየቀው። ሰውን አደጋው በደረሰ ማግስት ሰብስቦ በግድ "የሆነውን ተናገሩ" ማለት እንደማይመከርም ያወቅነው እዛ ነው፣ ብዙ በጎ ፈቃደኛ ግን አሁንም እሱን ያደርጋል። ፒኤም ፕላስ የሚባል የአለም ጤና ድርጅት የችግር አያያዝ ዘዴም አለ፣ ሰልጥኖ ክትትል ያለው ተራ ሰው ሊሰጠው የሚችል፣ አምስት ጊዜ መገናኘት፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። ለኛ አካባቢ ከየትኛውም በላይ የሚሆን ይሄ ነው፣ ካሪኩለሙ ውስጥ ስሙም አልነበረም። አንድ ተኩል ያልኩት ይሄን ነው፣ ተኩሏ የመምህሩ ናት።

ግሩፕ ካውንስሊንግ ላይ ራሳችን ቡድን ሆነን ተቀምጠን ስንማር ቅድም ያልኩት የትራውማ ነገር ወጣ። ያሎም የሚባለው ሰው ቡድን ሰውን የሚረዳባቸው ብሎ ከቆጠራቸው 11 ነገሮች አንዱ "ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም" ማለት ነው፣ ክላሳችን ውስጥ ስለ 2014 ማውራት ስንጀምር እሱ ሲሆን አይተናል። ግን ተማሪው እየተነካ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ፣ ትምህርት ክፍሉ ለተማሪ የሚሆን ካውንስለር አላዘጋጀም። ለሰው ካውንስለር የሚያሰለጥን ቦታ ለራሱ ተማሪ የለውም፣ ይገርማል። እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች ከክላስ በኋላ ሙጋድ ጋር ቡና እየጠጣን ነው ስንተነፍስ የነበረው።

ኬሪየር ካውንስሊንግ ለኔ ስራ በጣም ጠቀመኝ። ምክንያቱም በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 ደሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ይሄ ማለት እኔ ቢሮ የሚመጣው ልጅ በአብዛኛው "አለቀልኝ" ብሎ የሚመጣ ነው፣ ወላጁም እንደዛው። ሆላንድ የሚባለው ሰው የለያቸው ስድስት የስራ ዝንባሌዎች ጥሩ መነሻ ናቸው ግን መጠይቁ ላይ ያለው የስራ ዝርዝር ኮምቦልቻ የሌለ ስራ ነው፣ እኛ በራሳችን ቀየርነው፣ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቴክኒክና ሙያው፣ የአባት ሱቅ፣ አረብ አገር ልሂድ የምትለዋ ልጅ፣ እነዚህን ያላስገባ የኬሪየር ካውንስሊንግ እዚህ አይሰራም። አራት።

ፕራክቲከም፣ ማለትም ደንበኛ ጋር የሚደረገው የተግባር ልምምድ። እዚህ ጋር አንባቢ ሆይ ቁጭ በል። ፕሮግራም ስትመርጡ ከሌላው ሁሉ በላይ ይሄን ጠይቁ። ለማነጻጸሪያ አሜሪካ ካክሬፕ የሚባለው የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች እውቅና ሰጪ አካል የሚጠይቀው ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከም ነው፣ ከዛ ውስጥ 40ው ከደንበኛ ጋር ቀጥታ፣ ከዛ ተጨማሪ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ 240ው ቀጥታ፣ በየሳምንቱም ሱፐርቪዥን (ልምድ ያለው ባለሙያ ስራህን የሚያይበት)። የኛው እንዴት ነበር፣ "ለሚመለከተው ሁሉ" የምትል ደብዳቤ ተጽፋ ማህተም ተመትቶ ተሰጠን፣ ቦታ ፈልጉ ተባልን። ከዛ በር ማንኳኳት። አንዱ ቦታ ካውንስሊንግ ክፍል ብለው የሰጡን የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ስቶር ነው፣ ደንበኛ እያለቀሰ የቦታው ሰራተኛ ሳያንኳኳ ገብቶ ወረቀት ያወጣል። ሌላው ቦታ ደሞ ተማሪ መጥቷል ብለው ካርድ መጻፍ ላይ አሰማሩን።

እና ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት፣ ለወረቀቱ የመጣው ሰው ሎግ ቡኩን አስፈርሞ ይሄዳል፣ የሚያጣራ የለም። ሰዓቱን በእውነት የሰራውና ያልሰራው እኩል ውጤት ነው የሚያገኙት። ይሄ የተማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚማር ሰራተኛ ከሰኞ እስከ አርብ መቼ ነው ፕራክቲከም የሚወጣው፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይሄን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ግን እድለኛ ነበርኩ፣ ሱፐርቫይዘሬ ጥሩ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም፣ ኬዙን አስወሩኝና "አንቺ እዚህ ጋር ምን ተሰማሽ?" ይላሉ፣ መጀመሪያ ምን አገባቸው እል ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የማልወደው ደንበኛ ሲመጣ ቶሎ ሪፈር ማድረግ እንደምሮጥ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የሰራኋቸውን ኬዞች እዚህ አልጽፍም፣ ስም ቀይሬም ቢሆን፣ ደሴ ትንሽ ናት። ይሄን ብቻ ልበል፣ ከእሳቸው ጋር የተቀመጥኩበት ሰዓት ከሁለት አመት ሌክቸር ይበልጥብኛል፣ እና ፕሮግራሙ ለሱ ሰዓት የመደበው ነገር አልነበረም፣ በራሳቸው ፈቃድ ነው። ለሱፐርቫይዘሬ አምስት፣ ለአደረጃጀቱ አንድ።

ቴሲስ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁሉም "የጭንቀት ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች" ነው የሚሰራው፣ መጠይቅ በትኖ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ አስገብቶ ሰንጠረዥ። አንድ ደንበኛ እንኳን ሳያናግር ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ላይ መመረቅ ይቻላል ማለት ነው። አናሊሲስ በክፍያ የሚያሰራም አለ፣ ዲፌንስ ላይ ግን "ይቺ ፒ ቫልዩ ምን ማለት ናት?" ሲባል ላቡ ይወርዳል። ቁጥር ላይ ሳይሆን ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሰረተ ጥናት መስራት ከፈለጋችሁ አማካሪያችሁን ቀድማችሁ አሳምኑ፣ ብዙዎቹ ቁጥር ካላዩ አይዋጥላቸውም። ኮሜንት የሚመለሰው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዴ እየደወላችሁ፣ አንዳንዴ ቢሮ በር ላይ ቆማችሁ።

ወጪ። የትምህርት ክፍያው በክሬዲት አወር ነው፣ እሱን ሬጅስትራር ይነግራችኋል፣ የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ፦ ፎቶ ኮፒ፣ የቴሲስ ፕሪንትና ጥራዝ (በየኮሜንቱ ድጋሚ)፣ መጠይቅ ለሚያስሞሉላችሁ ሰዎች፣ ምሳ፣ ትራንስፖርት። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ክረምት ላይ ሀረጎ ጭጋግ ሲይዘው ሚኒባሱ ይጓተታል፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣችኋል፣ መምህሩ ደሞ አቴንዳንስ የሚይዘው ያኔ ነው። እሁድ ማታ መመለሻ መኪና ላይ ታሪፍ ይጨመራል፣ የታወቀ ነው። ክፍሉ ብርድ ነው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ይገባል፣ ጋቢ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ነበረን ማንም አልሳቀበትም። ላይብረሪው ውስጥ ያሉት የካውንስሊንግ መጽሀፎች አሮጌ እትም ናቸው፣ ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ነው የምንቀባበለው።

ስራ ይገኛል ወይ ለሚለው፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ተፈናቃይና ስደተኛ ላይ የሚሰሩ ድርጅቶች፣ የሴቶችና ህጻናት መጠለያዎች ይቀጥራሉ። የድርጅቶቹ ደሞዝ ይሻላል ግን ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የግል ቢሮ ከፍቶ ደሴ ላይ መኖር አሁን ላይ ከባድ ነው፣ ሰው ለመድሃኒት ይከፍላል፣ ለወሬ ግን እከፍላለሁ እንዴ ነው የሚለው። መምህር ሆናችሁ የምትገቡ ደሞዛችሁ ላይ የሚጨመረው ነገር ከወጪያችሁ ጋር ሲተያይ የሚያስደስት አይደለም፣ ለገንዘብ ብላችሁ ከሆነ ሌላ ማስተርስ ፈልጉ።

ለምዝገባ ስትሄዱ ትምህርት ክፍሉን ገብታችሁ ሬጅስትራሩን ሳይሆን መምህራኑን ሶስት ነገር ጠይቁልኝ፦ ፕራክቲከም ስንት ሰዓት ነው ቦታውንስ ማን ያገኛል፣ ሱፐርቫይዘር በሳምንት ስንቴ ያገኘናል፣ የስኪል ላቡ ቪዲዮ አለው ወይ። አንዱንም በቁጥር ካልመለሱላችሁ ሌላ ቦታ እዩ፣ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ሬጉላር አስቡበት። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን (ኤንጋት የሚሉትን) ሳታልፉ ማመልከቻ እንደማይቀበሏችሁም እወቁ። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ኦርጅናል፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመስሪያ ቤት ስፖንሰር ካላችሁ ደብዳቤውን ያዙ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ማስላክ ጊዜ ይወስዳል፣ ኮስት ሼሪንግ ያልከፈላችሁ ደሞ አይላክላችሁም፣ ስለዚ ከምዝገባው ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። ቅዳሜ ከሰዓት ሂሳብ ክፍሉ ዝግ ነው፣ ጠዋት ድረሱ።